«ልጄ ከዚህ ጉድጓድ ትውጣልኝ»፦ ራሷን ለምትጠራጠር የሒሳብ ባለሙያና ጥለት ሠዓሊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦

«29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል 6 ዓመት ሠርቼ ባለፈው መስከረም የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰላም የለኝም። ስብሰባ ላይ ልናገር ስል ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ "ዛሬ ባዶ መሆኔን ያውቁብኛል" እያልኩ ነው የምውለው። አንድ ሪፖርት ከመላኬ በፊት አምስቴ ስድስቴ አየዋለሁ። በሌላ በኩል ከልጅነቴ ጀምሮ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በባለካሬ ደብተር ላይ እሥላለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸማኔ ነበር። "ልጄ ከዚህ ጉድጓድ ትውጣልኝ" እያለ ነው ያስተማረኝ። ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ የአባቴ ወዳጅ የሣልኩትን ወስዶ ሦስት ጊዜ ሠርቶበታል። "የሌላውን ሰው እያስተካከልኩ ነው የምሠራው፤ ያንቺን ግን መቁጠር ብቻ ነው" ይለኛል። ምናልባት ለአባቴ ብሎ ይሆናል። ብር ጠይቄው አላውቅም። ጓደኞቼ "ሥራሽን ተዪና ሱቅ ክፈቺ፣ አንቺ እኮ ተሰጥኦ አለሽ" ይሉኛል፤ ለማበረታታት ያህል የሚሉት ነው የሚመስለኝ። እርስዎ እንደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ምን ይሉኛል? ጥርጣሬዬን እንዴት ላሸንፈው? እውነተኛ ችሎታዬስ የትኛው ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ «አንቺ» ብልሽ ቅር አይልሽም ብዬ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ጥርጣሬ የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ «ጉድጓድ» የምትለው ቃል ላይ ቀረ። ወደ እሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ የሚያስቸኩለውን ልበል፦ ሥራሽን አሁን አትልቀቂ፣ ሱቅም አሁን አትክፈቺ። ጓደኞችሽ የሚመክሩሽ ከፍቅር ነው፤ የሱቁን ኪራይ የምትከፍዪው ግን አንቺ ነሽ።

ሌላው፣ የላክሽልኝ አንድ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት ነው። የቢሮው ጥርጣሬና የደብተሩ ጥርጣሬ ሲሰማሽ አንድ ይመስላሉ እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው። ቢሮ ውስጥ ማስረጃው ሞልቶ ተርፎ አንቺ አልቀበልም ብለሻል። ደብተሩ ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና አልተሰበሰበም፤ ያለችውንም አንዲቷን በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻታል። እሷንም አነሣታለሁ።

ከቢሮው እንጀምር።

«ባዶ መሆኔን ያውቁብኛል» የሚለው ስሜት ከአንቺ በፊትም ብዙ ሰው ጋ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ አትላንታ ከተማ፣ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በዓመታት ውስጥ ስላነጋገሯቸው ከ150 በላይ ሴቶች ጻፉ። ሁሉም በትምህርትም በሥራም የተሳካላቸው ናቸው። ዲግሪው አለ፣ ሹመቱ አለ፣ የባልደረባ ምስክርነት አለ። ሴቶቹ ግን «መርጠው ሳይሆን ተሳስተው ነው ያስገቡኝ» ይላሉ። ውጤት ሲመጣ ዕድል ነው፣ ወይም ፈታኙ ቸር ሆኖ ነው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ይኸው ነገር ወንዶችንም እንደሚያሠቃይ አሳይተዋል። ክላንስና አይምስ «የአስመሳይነት ክስተት» (impostor phenomenon) ብለውታል። ስሙን በሽታ አስመስለው የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ሁለቱ ባለሙያዎች ግን በሽታ አላሉትም፣ በአእምሮ ሕመሞች መመደቢያ መጽሐፍ ውስጥም የለም። ስለዚህ «ይህ ነገር አለብኝ» ብለሽ አትዙሪ። የሚጠቅምሽ ስሙ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

አሠራሩ ይኸውልሽ። ሪፖርት ይሰጥሻል። ፍርሃቱ ይነሣል። ስድስቴ ታዪዋለሽ። ሪፖርቱ ልክ ይሆናል። ታዲያ ምስጋናው ለማን ሄደ? ለስድስቱ ማየት! «ስድስቴ ባላየው ኖሮ ጉዴ ይወጣ ነበር» ትያለሽ። አንቺ የሠራሽው ሥራ ለአንቺ ሳይደርስሽ ጭንቀቱ ተሸልሞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ይበልጥ ገንኖ ይመጣል። በዚህ አካሄድ መቶ ልክ የሆነ ሪፖርት ብትልኪ እንኳ በራስሽ ላይ አንድ ስንዝር እምነት አይጨምርልሽም። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ያዘገየዋል፤ ከተሳካለት «ዕድል ነው»፣ ካልተሳካለት «ጊዜ አጥሮኝ ነው» ለማለት። አንቺ ከፊተኞቹ ነሽ።

የሚፈታው በሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ሙከራ ይፈልጋል። ስህተት ቢገኝበት ማንንም የማይጎዳ አንድ ሥራ ምረጪ። የዓመቱን መዝጊያ ወይም የግብር ማስታወቂያን አላልኩሽም፤ የሳምንቱን ጥቃቅን ወጪ ማጠቃለያ የመሰለ ነገር ነው። ሁለቴ ብቻ እዪውና ላኪው። ከመላክሽ በፊት በወረቀት ላይ «ስንት ስህተት ይገኝብኛል ብዬ እፈራለሁ?» የሚለውን በቁጥር ጻፊ። ከሳምንት በኋላ የተገኘውን አጠገቡ አስቀምጪ። ለአራት ሳምንት እንዲህ አድርጊ። እጅሽ ሦስተኛ ጊዜ ሊከፍተው ይሄዳል፤ ደረትሽ ሊጠብሽ ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሙከራው ዋጋም እዚያው ላይ ነው።

የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ በሙያሽ ቋንቋ ልናገርሽ። በወር መጨረሻ የባንክ ማስታረቂያ ስትሠሪ የራስሽን መዝገብ ብቻ ይዘሽ ትዘጊያለሽ? አትዘጊም። የባንኩን መግለጫ አጠገቡ ዘርግተሽ በአንዱ ኖሮ በሌላው የሌለውን ትለቅሚያለሽ። ስለ ራስሽ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የዘጋሽው በራስሽ መዝገብ ብቻ ነው፤ የባንኩን መግለጫ አይተሽው አታውቂም። አሁን እዪው። ወረቀት ለሁለት ክፈዪ። በግራ ስለ ራስሽ የምታምኚውን፣ በቀኝ ሌላ ሰው በቀን የመዘገበውን ጻፊ። በቀኝ በኩል የምትገባው ደረሰኝ ያላት ነገር ብቻ ናት፤ የሹመት ደብዳቤው፣ ኦዲተሩ የጻፈው አስተያየት፣ አንቺ ያገኘሽው የሌላ ሰው ስህተት፣ «እሷ ትየው» ተብሎ የተመራልሽ ፋይል። «ይወዱኛል» አይገባም፣ «ይጠሉኛል»ም አይገባም። ሁለቱም ደረሰኝ የላቸውም።

እዚህ ላይ ጥርጣሬሽ በሙሉ ውሸት ነው ብዬ ልሸነግልሽ አልፈልግም። ከማስታረቂያው ላይ ሳይታረቁ የሚቀሩ ነገሮች ይኖራሉ፣ እነሱም እውነተኛ ናቸው። ሒሳብ መሥራትና ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎችን መምራት አንድ ሙያ አይደለም። በመጀመሪያው 6 ዓመት አለሽ፤ በሁለተኛው ገና የወራት ልጅ ነሽ። ትናንት አብራሽ ሻይ ስትጠጣ የነበረችውን ልጅ ዛሬ «ዘግይተሻል» ማለት ይከብዳል፤ ያስተማረሽ ሰው የለማ! ይህን አለማወቅሽ ባዶነት አይደለም፣ አዲስነት ነው። አዲስነት ደግሞ ይጠየቃል፣ ይለመዳል። ከአንቺ በፊት ክፍል የመሩ ሁለት ሰዎች ፈልገሽ «የመጀመሪያው ዓመት ምኑ ከበደህ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ አለቆች ይህን ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ።

እንቅልፍሽ ከተበላሸ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ሁሉ፣ ጥለቱም ጭምር፣ ደስታ መስጠት ካቆመና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ግን ከዚህ ጽሑፍ አልፈሽ ባለሙያ ፊት ቅረቢ። አማኑኤል አለ፣ በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። «አማኑኤል ሄደች» ይሉኛል ብለሽ እንዳትቀሪ። ከመሄድሽ የሚጎዳሽ መቅረትሽ ነው።

አሁን ይህ ጥርጣሬ እኛ ቤት እንዴት እንደሚያድግ ትንሽ ልናገር፤ የአትላንታ ጥናት የእኛን ሰፈር አያውቀውምና።

ሰኔ መጨረሻ ካርድ ይዘን ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር? «ምን ተማርሽ?» አይደለም፣ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። እኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ ከ70 ተማሪ 1ኛ እየወጣሁ አደግሁ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን፣ ስድስታችንም ከየአገራችን 1ኛ የነበርን! በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲ መጣልኝና ዕቃዬን ሸክፌ ልመለስ ነበር። ዕውቀቴ በሦስት ወር አልቀነሰም። የተለወጠው አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነው። ኸርበርት ማርሽ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ሥራ ይህን «ትልቅ ዓሣ በትንሽ ኩሬ» ብሎታል፤ እኩል ችሎታ ያለው ተማሪ ጎበዞች የበዙበት ክፍል ሲገባ ስለ ራሱ ያለው ግምት ይወርዳል። በደረጃ ቁጥር ያደገ ሰው ራሱን የሚያየው በአጠገቡ ባለው ሰው ቁመት ነው። አንቺም ከመስከረም ጀምሮ የምትቀመጪው ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ነው፤ ኩሬሽ ተለውጧል። የ12ኛ ክፍልን ነገርማ ባላነሣው ይሻላል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከመቶ 97 ገደማ የሚሆኑት ወጣቶች «ወድቄያለሁ» የሚለውን ቃል ተሸክመው ቀሩ።

ሌላው ይሉኝታችን ነው። ሰው ሥራሽን ሲያደንቅ ምን ትያለሽ? «ኧረ ምኑን!»፣ «ተራ ነገር ነው እኮ»፣ «ዝም ብዬ ስሞነጫጭር»። ይህ ትሕትና ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ራሱን የሚያሞግስ ሰው እኔም አልወድም። ችግሩ የሚመጣው ለሰው ያልነውን ራሳችን ስናምነው ነው። ደግሞ ቋንቋችን መውጫውን አስቀምጦልናል። ሰው ጥሩ የእጅ ሥራ ሲያይ «ታዋቂ ነሽ» ወይም «ሊቅ ነሽ» አይልም፣ «እጅሽ ይባረክ» ነው የሚለው። የዚህ መልሱ ምንድን ነው? «አሜን» ነው። ኩራትም የለበትም፣ ክህደትም የለበትም። ከዛሬ ጀምሮ «እጅሽ ይባረክ» ሲሉሽ «አሜን» ብለሽ ዝም በዪ። «ግን እኮ እዚህ ጋ ትንሽ...» የምትለዋን አትጨምሪ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክረሽ እስክታዪው ድረስ።

በመስታወት ፊት ቆመሽ «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እኔ ድንቅ ነኝ» በዪ የሚሉሽን ደግሞ እለፊያቸው። ጆአን ዉድ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ሥራ፣ «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ደጋግመው እንዲሉ ከተደረጉት ሰዎች መካከል ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ይበልጥ ከፍቷቸው ተገኝቷል። ምክንያቱን ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም። አፍሽ «ድንቅ ነኝ» ሲል ልብሽ በፀጥታ ተቃራኒውን ይቆጥራል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ።

የሸማኔ ሥራ ያላየ አንባቢ ቢኖር፦ ሸማኔ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው፤ እግሩ ከበታቹ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይረግጣል። ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል፣ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይመላለሳል። አባትሽ «ከዚህ ጉድጓድ ትውጣልኝ» ያለው ይህን ነው፤ ወገቡንና ጉልበቱን፣ ጥቂቱን ገቢ። ነገር ግን ገቢውን ብቻ አልነበረም። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት! አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሸማው በበዓል ቀን ከሁላችን ትከሻ ላይ አልወረደም፤ የሸማኔ ልጅ ግን ዛሬም ትምህርት ቤት «የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?» ስትባል ድምፅዋ ዝቅ ይላል። አንቺ ዝቅ ብሎ እንደሆን አልነገርሽኝም። እኔ ግን እንዲህ ዝቅ የሚሉ ድምፆችን በምክር ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ አንድ ግምት ልንገርሽ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ጥለት ላይ ያለሽ ጥርጣሬ «እችላለሁ ወይ?» የሚል ብቻ አይመስለኝም። «ብችልስ ይፈቀድልኛል ወይ?» የሚል አለበት። አባትሽ ዕድሜውን ከፍሎ ከጉድጓዱ አወጣሽ። አንቺ ደግሞ ቢሮ ውለሽ ማታ ማታ ባለካሬ ደብተር ይዘሽ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ትቀመጫለሽ። ችሎታሽን በግልጽ «አለኝ» ማለት የእሱን ልፋት መናቅ ሆኖ ከተሰማሽ፣ «ምናልባት ለአባቴ ብሎ ይሆናል» ማለት ይቀላል። አለመቻል ከመክዳት ይሻላላ! እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ የትኛውም አድናቆት አያጠፋውም፤ የተተከለው አድናቆት ስለጎደለ አይደለምና።

አባትሽ በሕይወት ቢኖር ጠይቂው እልሽ ነበር። እናትሽ ወይም ታላላቆችሽ ካሉ ግን እነሱን ጠይቂ፦ አባቴ የጠላው ምኑን ነበር? ጥለቱን ነው ወይስ ጉድጓዱን? ብርዱን፣ የነጋዴውን ዋጋ መቁረጥ፣ የሰዉን አስተያየት ነው? ወይስ ክሩ ላይ አበባ ሲወጣ ማየቱን? እነዚህ የተለያዩ ናቸው። ብዙ አባቶች ልጃቸው እንድትሸሽ የፈለጉት ድህነቱንና ንቀቱን ነው፤ ጥበቡን አይደለም። የአንቺ አባት የትኛውን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ቤታችሁ ያውቃል።

ወደ ችሎታው። ተሰጥኦ የሚባለውን ነገር ሰው ሁሉ የሚፈልገው «ደስ የሚለኝ ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ ብዙም አላምንም። ዘፈን ደስ የሚለው ሁሉ ዘፋኝ ቢሆን ጆሯችን አይተርፍም ነበር። የተሻለው ጥያቄ «ሌላው ሰው ለፍቶ የሚያየውን እኔ ሳልለፋ የማየው የት ላይ ነው?» የሚል ነው። ለባለቤቱ ቀላል ስለሚሆንበት እንደ ችሎታ አይቆጥረውም፤ «ይሄማ ማንም ይሠራዋል» ይላል። አንቺም ይህንኑ አድርገሻል። ሸማኔው «የሌላውን እያስተካከልኩ ነው፤ ያንቺን ግን መቁጠር ብቻ ነው» ብሎ የነገረሽን ጽፈሽልኝ ቀጥለሽ ለአባትሽ ውለታ አደረግሽው።

እኔ ሸማኔ ስላልሆንኩ ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አንድ የማውቃቸውን ሸማኔ ጠየቅኋቸው። የደብተርሽን ዓይነት ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን አዩና ሳቁ። ካሬው በአግድምም በቁመትም እኩል ነው አሉኝ፤ ድሩና ማጉ ግን እኩል አይደሉም። ወረቀት ላይ ክብ ሆኖ የተሣለው አበባ ሸማው ላይ ሲወጣ ይጨፈለቃል ወይም ይረዝማል። ስለዚህ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲያመጣላቸው ቁጭ ብለው እየቀነሱና እየጨመሩ እንደ አዲስ ይቆጥራሉ። ሳይስተካከል የሚሠራ ሥዕል የሚያመጣው እጁ ጥሩ የሆነ ብቻ ሳይሆን ሸማውን በዓይነ ልቡናው የሚያይ ነው። እንግዲህ አንቺ አበባሽን ወረቀቱ ላይ ሆን ብለሽ ነው የምታዛቢው? ወይስ እጅሽ ራሱ ያዛባዋል? ሁለተኛው ከሆነ ከአባትሽ አጠገብ ተቀምጠሽ ስታድጊ ማንም ሳያስተምርሽ የገባ ዕውቀት ነው። በዚህ ላይ ቁጥር የማይጠፋበት የሒሳብ ጭንቅላት ጨምሪበት። «እውነተኛ ችሎታዬ የትኛው ነው?» ስትዪኝ ሒሳብና ጥለት ሁለት የተለያዩ ቤቶች መስለውሽ ነበር። ለእኔ ሁለቱም አንድ ቤት ይመስሉኛል፤ ብዙ ትንንሽ ነገሮችን ቆጥረሽ የጠቅላላውን መልክ ታዪያለሽ። በአንዱ ደመወዝ ይከፈልሻል፣ በሌላው ገና አልተከፈለሽም።

ገና ስል ግን ማስረጃው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አልረሳሁም፤ ያውም ወዳጅ ነው። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው «ይህን እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲዘረዝር አራት ምንጮችን ጠቅሷል፦ ራስ ሠርቶ ማየት፣ የሚመስሉን ሰዎች ሲሠሩ ማየት፣ የሰው ቃል፣ የሰውነታችን ሁኔታ። ከሁሉ የበረታው የመጀመሪያው ነው። የጓደኞችሽ «ተሰጥኦ አለሽ» ሦስተኛው ላይ ነው ያለው። ባይይዝሽ አይደንቅም፤ ጓደኞችሽ ቀሚስ ይለብሳሉ እንጂ ሸማ አይሠሩም።

ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። የሥዕል ችሎታውን ያዩት እዚያ ያስተማሩት ሰዎች ናቸው፤ በኋላ ለንደን በሴንትራልና በስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤቶች ተማረ። ዛሬ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው በዚያ ባለ ቀለም መስታወት ፊት አንገቱን ቀና ያደርጋል። ይህን የምነግርሽ «አንቺም ሁሉን ጥለሽ ሂጂ» ለማለት አይደለም፤ ምህንድስናውን ትተው የትም ያልደረሱትን ታሪክ የሚጽፍላቸው የለም። የምልሽ ሌላ ነው፦ ችሎታውን ያየለት ሥዕል የሚያውቅ ዓይን ነው። አንቺም የሚያስፈልግሽ የሚያጨበጭብ ሰው ሳይሆን የሚያውቅ ዓይን ነው፤ ያውም አባትሽን የማያውቅ።

ስለዚህ እስከ ፋሲካ ድረስ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ሦስት አዲስ ጥለት አዘጋጂ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ቤተሰባችሁን የማያውቁ ሦስት ሸማኔዎች ወይም ሦስት የሐበሻ ልብስ ዲዛይነሮች ፈልጊ። ስትሄጂ የማን ልጅ እንደሆንሽ አትናገሪ። «ያምራል ወይ?» ብለሽም አትጠይቂ፤ እኛ አገር ፊት ለፊት «አያምርም» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ይልቅ «ይህን ብትሠራው የትኛውን ቦታ ትቀይራለህ? የት ላይ እጅህ ይያዛል? ደንበኛ ስንት ይሰጥበታል?» በዪ። ጥያቄው ስለ ወረቀቱ ይሁን፣ ስለ አንቺ አይሁን። ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ አስተያየት መስጠት የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ከሲሶ በላይ በሚሆነው አስተያየቱ ሥራውን ጭራሽ አዳክሞት ነው የተገኘው። አስተያየት የሰውን ሐሳብ ከሥራው አንሥቶ ወደ ራሱ ሲያዞረው ጉዳት ያመጣል ብለዋል። አንቺ ደግሞ ወደ ራስሽ ለመዞር ሰበብ አታጪም።

ከመሄድሽ በፊት ምን ሲሆን «አዎ»፣ ምን ሲሆን «ገና» እንደምትዪ በቀን ጽፈሽ አስቀምጪ፤ በኋላ መስፈርቱን እንዳታንቀሳቅሺው። ለምሳሌ ከሦስቱ አንዱ በገንዘብ ከገዛሽ «አዎ» ነው፤ አንድም ካልገዛሽ ግን የት ላይ እንደሚቀይሩት ነግረውሽ ከሆነ «ገና» ነው፣ ያንን ይዘሽ ደብተርሽ ላይ ትመለሻለሽ። ሦስቱም ምንም ሳይሉሽ ከመለሱሽ ጥያቄሽን አስተካክለሽ ሌላ ሦስት ፈልጊ። የምታውጪው የታክሲና የወረቀት ነው። የሱቅ ኪራይ በዚህ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ቀረ፤ የአባትሽ ወዳጅ። ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ አራተኛም ይመጣል። ያኔ ዋጋ ንገሪው። ከእሱ መጀመሩ ከሌሎቹ ሁሉ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ «ጋሼ» እያልሽ ያደግሽው ሰው ነዋ! ግን ውለታ እያደረገልሽ ይሁን ወይም ሥራሽን ፈልጎ የምታውቂው በዚህ ብቻ ነው። ለውለታ የመጣ ሰው ዋጋ ሲሰማ «እንዲያውም በቃኝ» ብሎ ይሄዳል። ሥራውን ፈልጎ የመጣ ሰው ይከራከራል። ንግግሩን ላቅልልሽ፦ «ጋሼ፣ እስካሁን የወሰዱት በአባቴ ስም ይሁን። የዚህ ግን ዋጋ ይህን ያህል ነው።» ቁጥሩን ትናገሪና ዝም ትያለሽ። «ቢበዛ ይቀንሳል» አትበዪ፣ «ካስቸገርኩ» አትበዪ፣ አትሳቂም። እሱ እስኪናገር ድረስ ጠብቂ። ከዚያ ስንት ብለሽው ስንት እንዳለሽ ጻፊልኝ።